ጤፍ ይህን ያህል ዘመን ተዘርቶ ፍሬው ለምን አልገዘፈም?

የለገዳዲ ጓሮ | ሐምሌ 22፣ ጠዋት

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ከለገዳዲ ወጣ ብሎ ባለችው ግቢዬ የሠራሁትን ትንሽ ሙከራ ላካፍላችሁና ከዚያ የተነሣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ርዝመቱን ታገሡኝ።

ሰኔ 22 ቀን ከቤቱ ጀርባ አንዲት መደብ አለስልሼ ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ጎን ለጎን ዘራሁ። እያንዳንዱን በሦስት መስመር ነው የዘራሁት፦ አንዱን ላዩን ብቻ አፈር ነስነስ አድርጌበት፣ ሁለተኛውን 5 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስተኛውን 10 ሳንቲ ሜትር ቀብሬ። አፈሩ የሰፈሩ መረሬ ነው፤ ሲርስ እንደ ሊጥ የሚይዝ፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ።

ላዩ ላይ የተዘራው ጤፍ በአምስተኛው ቀን እንደ አረንጓዴ ጸጉር ብቅ አለ። 5 ሳንቲ ሜትር የገባው ግን አንድም አልወጣም። በአሥራ አንደኛው ቀን አፈሩን በቢላ ጫፍ ቀስ እያልኩ ገለጥኩት። ከክር የቀጠነ ነጭ ነገር ወደ ላይ ሲጓዝ ቆይቶ መንገዱን ሳያጋምስ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ቆሟል። ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ። ስንዴው ከ5 ሳንቲ ሜትር በደንብ ወጣ፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር የወጣው ከግማሽ በታች ነው፣ እሱም ገርጥቶ። ባቄላው ከሦስቱም መስመር አፈሩን ፈንቅሎ ወጣ፤ የታችኛው መስመር ጥቂት ቀን ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ከዚያ የጎረቤት በግ በአጥሩ ሾልኮ ገባና ሦስቱንም ጋጣቸው። ጤፉ ከነሥሩ ተመዞ ሄደ። ስንዴው ቀስ ብሎ አገገመ። ባቄላው ግን ከመሬት እኩል ተቆርጦ ሳለ በሳምንቱ ከአፈር ሥር አዲስ ቀንበጥ አወጣ። አንዱን ነቅዬ አየሁት። ሁለቱ ክኮች ከነልጣቸው አሁንም መሬት ውስጥ አሉ፤ ለስልሰዋል፣ ኮስሰዋል፣ ግን አላለቁም። አዲሱ ቀንበጥ የወጣው ከመካከላቸው ነው። ያንን ባቄላ በእጄ ይዤ ብዙ ቆምኩ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ትልቅ ዘር ይህን ያህል ከሞት የሚያተርፍ ከሆነ፣ ትንንሽ ዘር ያላቸው ዕፅዋት እንዴት እስከ ዛሬ ኖሩ? ጤፍስ በገበሬ እጅ ይህን ያህል ዘመን ሲዘራ፣ ሲታጨድ፣ ዘሩ ሲመረጥ ኖሮ ፍሬው ለምን አልገዘፈም?

ብርቱ ዘር (ሰበታ) | ሐምሌ 22፣ ቀትር

መልሱን ራስህ በሙከራህ አግኝተኸዋል፤ ትልቅ ዘር ምንጊዜም ይበልጣል። እኔ ስንዴና ባቄላ ስዘራ ዘሩን በወንፊት ነው የምለየው። ቀጫጫው ለእንስሳት ይሄዳል፣ ደልደል ያለው ወደ ማሳ ይገባል። ልዩነቱ ሲበቅል ያስታውቃል፤ ቡቃያው ወፍራም፣ አረንጓዴው ጥቁር ነው። ጤፍ ያልገዘፈው ማንም ተቀምጦ ፍሬ በፍሬ ስላልመረጠው ይመስለኛል። ቢመረጥ ይገዝፍ ነበር።

መምህርት ዘሆለታ | ሐምሌ 22፣ ምሽት

ወንድሜ የለገዳዲ ጓሮ፣ በቢላ ጫፍ የገለጥከው ነጭ ክር ለተማሪዎቼ ላሳየው የምመኘው ነገር ነው። ያ ቡቃያ የሞተው በበሽታ አይደለም፤ ስንቁ መንገድ ላይ አልቆበት ነው። ዘር ማለት ፅንስና እናቱ የቋጠረችለት ስንቅ ነው። ቡቃያው ብርሃን አይቶ የራሱን ምግብ መሥራት እስኪጀምር የሚበላው ያንን ብቻ ነው። ባቄላህ 10 ሳንቲ ሜትር ተጉዞ፣ በበግ ተበልቶ፣ እንደገና የበቀለው የቋጠረው ሰፊ ስለሆነ ነው። ክኩ እንደ ቦሎቄ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የበጉ ጥርስ አላገኘውም።

ነገር ግን ብርቱ ዘር «ምንጊዜም» ያለውን አልቀበልም። ስንቁን የምትቋጥረዋ እናት ያላት የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስሚዝና ፍሬትዌል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን በቀላል ስሌት አስቀመጡት፦ እናት ያላትን ለጥቂት ልጆች ብታካፍል እያንዳንዱ ብዙ ይደርሰዋል፤ ለብዙ ብታካፍል እያንዳንዱ ጥቂት። የልጁ የመትረፍ ዕድል ስንቁ ሲጨምር ይጨምራል፣ ግን ከአንድ ደረጃ በኋላ የሚጨመርለት ስንቅ ብዙም አይጠቅመውም። ከዚያ በላይ ለአንዱ ከማብላት ሌላ ልጅ መውለድ ይሻላል። ያ ደረጃ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ቡቃያው የሚወድቅበት ቦታ ነው። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይሉ የለ? ለዘርም አንዳንድ ቦታ እውነት ነው፣ አንዳንድ ቦታ ግን ብርቱው ብቻ ነው የሚተርፈው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማየት ከሁለቱ ጫፎች ጀምሩ። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ነው፤ ከአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ የማይሞላ አለ። በሲሸልስ ደሴቶች የሚበቅል አንድ ዘንባባ ደግሞ አንዱ ዘሩ ብቻ 20 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። የሁለቱም ዘር ሳይጠፋ እስከ ዛሬ ደርሷል።

አሁን ወደ መደብህ እንመለስ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 35 ግራም ያህል ይመዝናል። የአገራችን ባቄላ አንዱ ፍሬ ግማሽ ግራም አካባቢ ነው። ገበሬው ጤፍ በበተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር 30 ኪሎ ግራም ቢጥል፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10,000 ፍሬ አረፈ ማለት ነው። ስንዴ 150 ኪሎ ግራም ቢዘራ በካሬ ሜትር 430 ያህል ይሆናል። ባቄላ 200 ኪሎ ግራም ቢዘራ 40 ብቻ። ይህንን ስሌት አንድ ጊዜ በወረቀት ሥራው፤ ጤፍ በቁጥር የሚኖር እህል መሆኑ ያን ጊዜ ይገባሃል። ከአሥር ሺህ ሁለት ሺህ ቢተርፍ አዝመራ ነው። ከአርባ ባቄላ ሠላሳው ቢጠፋ ግን ማሳው ባዶ ነው።

አባ ሞፈር (ዱከም) | ሐምሌ 23፣ ጠዋት

እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ። ልጄ ይህንን አንብባልኝ ነው የምጽፈው፤ እኔ እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

መምህርት የተናገረችው ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ የለገዳዲው፣ ጤፉን 5 ሳንቲ ሜትር መቅበርህ በደል ነው። ጤፍ አይቀበርም። እኛ ማሳውን አራት ጊዜም አምስት ጊዜም እናርሳለን። ከዘራን በኋላ አንቀብርም፤ ከመዝራታችን በፊት ከብቱን፣ አህያውን፣ ፍየሉን ነድተን ማሳውን እናስረግጣለን። አፈሩ ጓል ከሆነ ፍሬው በጓሉ መሃል ወርዶ ይጠፋል። «ጤፍ» መባሉ እንኳ ከእጅ ከወደቀ ስለሚጠፋ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ሲረገጥ ግን ላዩ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ፍሬው ላይ ያርፋል፣ ዝናቡ ራሱ ከአፈር ያጣብቀዋል። አረሙንም ያንገላታዋል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ መሆኑ ለእኛ ለድሆቹ ምን እንደዋለልን ልንገራችሁ። በክፉ ዓመት የባቄላ ዘር ይበላል። አንድ ጥማድ ለመዝራት የሚያስፈልገው ባቄላ ለቤተሰብ የብዙ ቀን ቀለብ ነው፤ ልጅ እያለቀሰ ከጎተራ አታሳድረውም። የጤፍ ዘር ግን በአንድ ቅል ይገባል። እናቴ የጤፍ ዘር በቅል አድርጋ፣ አፉን በጭቃ ለጥፋ ከምድጃው በላይ ትሰቅለው ነበር። የርሃብ ዓመት ሲያልፍ መጀመሪያ ወደ ማሳ የሚመለሰው እሱ ነበር።

ሦስተኛ፣ ነቀዝ። ነቀዝ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይጥላል፣ ትሉ ፍሬው ውስጥ ያድጋል። የጤፍ ፍሬ ለትሉ ቤት አይሆነውም፤ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጤፍ በጎተራ ዓመታት ይቀመጣል፣ ነቀዝ አይደፍረውም። ባቄላውን እዩት፣ በአንድ ክረምት ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ትልቅ መሆን ጠላትም ያበዛል።

ደግሞም ልጄ፣ ጤፍ ስንቅ የለውም ብላችሁ አትዘኑለት። ባቄላን የሚሰንቀው እናቱ ናት። ጤፍን የምንሰንቀው እኛ ነን፤ በበሬ ጉልበት፣ በአረም፣ በወገባችን።

የለገዳዲ ጓሮ | ሐምሌ 23፣ ምሽት

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጅዎንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን መስመር ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ነገ ከመደቡ ጎን አዲስ ቦታ አዘጋጃለሁ። ግማሹን በእግራችን እንረግጠዋለን፣ ግማሹን ጓሉን እንደያዘ እንተወዋለን፤ ሁለቱም ላይ እኩል ጤፍ እበትናለሁ። ከጎተራችን ደግሞ ነቀዝ የበሳው ባቄላ አለ። ሃያ የተበሳ፣ ሃያ ጤናማ ዘርቼ የሚሆነውን እነግራችኋለሁ።

የሱባው ችግኝ | ሐምሌ 24፣ ጠዋት

ይህንን ውይይት ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በመናገሻ ሱባ ደን አጠገብ ባለ ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ደኑ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተጠበቀና የተተከለ ነው እየተባለ የሚነገርለት፣ የወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ጎን ላይ ያለው ነው። እናንተ በመደብ ያያችሁትን እኔ በየቀኑ በዛፎች አየዋለሁ።

ኮሶና ዝግባን ልውሰድ። የኮሶ ፍሬ እፍኝ ሙሉ ይዛችሁ ብትተነፍሱበት ይበተናል፤ አንድ ኪሎ ግራም ውስጥ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር አለ። ሳጥን ላይ ስንዘራው ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለን ነው፣ አለዚያ አንድ ቦታ ይከመራል። በተለመደው ማጠጫ ካጠጣነው ጠርዙ ላይ ታጥቦ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ውኃውን እንደ ጉም እየረጨን ነው የምናጠጣው። ቡቃያው ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ከክብሪት ጭንቅላት አይበልጥም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጥላውን ማልበስ ከረሳን ሳጥኑ በሙሉ ያልቃል።

ዝግባ ሌላ ነገር ነው። ፍሬው እንደ ትንሽ ኳስ ነው፤ ከላይ ለስላሳ ሥጋ፣ ከሥር እንደ እንጨት የጠነከረ ሽፋን። ሥጋውን ወፎች፣ ጦጣዎችና የሌሊት ወፎች ይበሉታል። ለመብቀል ብዙ ወር ይፈጃል፤ እኛ ሽፋኑን በጥንቃቄ ሰንጠቅ አድርገን እንረዳዋለን። አንዴ ከበቀለ ግን አትጨነቁለትም። ደኑ ውስጥ ግቡና ትልቅ ዝግባ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ ስንዝር የማይሞሉ የዝግባ ችግኞች እንደ ምንጣፍ ተነጥፈዋል። ዓመታት ይጠብቃሉ። እናቲቱ ወይም ጎረቤቷ ወድቃ ሰማይ ሲከፈት ያን ጊዜ ሽቅብ ይሮጣሉ።

ኮሶ እዚያ ጥላ ውስጥ አይታሰብም። ኮሶን የምታገኙት መንገድ የተቆረጠበት፣ መሬት የተናደበት፣ እሳት ያለፈበት ቦታ ላይ ነው። ትንሽ ዘር ነው፣ ግን ነፋስ ይዞት ሩቅ ይሄዳልና የተከፈተውን ቦታ ቀድሞ ያገኘዋል። ዝግባ ወፍ ወይም ጦጣ ካልወሰደው ከእናቱ ሥር አይርቅም። እኔ እንደማየው አንዱ ደኑ ሲቆስል የሚመጣ፣ ሌላው ደኑ ሲድን የሚቀር ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሰዎች «ደን ቢቆረጥ ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፣ ተመልሶ ይበቅላል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአገራችን ተመራማሪዎች በደረቅ ደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ያለውን ዘር ሲያጠኑ ያገኙት አብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ነው። ደቃቅ ዘር ወደ አፈር ስንጥቅ ይገባል፣ ከአይጥና ከነፍሳት ይሰወራል፣ ለዓመታት ይተኛል። የአብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎቻችን ዘር ግን ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይሞታል። የጥቁር እንጨት ዘር ለምሳሌ ካልተዘራ በወራት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። የዝግባ ልጆች ባንክ አፈሩ አይደለም፤ ጥላው ሥር ያለው ችግኝ ነው። ከብት ገብቶ ያንን ከጨረሰው ባንኩ ተዘረፈ።

እንጦጦ ሥር | ሐምሌ 24፣ ቀትር

ወንድሜ የሱባው፣ እንግዲያውስ ባሕር ዛፍን ምን ትለዋለህ? ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ግን እኛ ሰፈር ከእርሱ በቀር የሚታይ የለም። ትንሽ ዘር አሸነፈ ማለት አይደለም ወይ?

የሱባው ችግኝ | ሐምሌ 24፣ ምሽት

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። እንጦጦን የሞላው ዘሩ ሳይሆን ሰው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጣ፣ ማገዶና የቤት እንጨት ያጣ ከተማ ተቀበለው፣ በእጅ ተተከለ፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዘሩ ብቻውን ሲወድቅ ከእናት ዛፉ እምብዛም አይርቅም። ቅጠል የከበደበት መሬት ላይ ከወደቀ ሥሩ አፈር ሳይነካ ይደርቃል። የሚበቅለው አፈሩ ባዶ በሆነበት፣ ፀሐይ በሞላበት ነው፤ መንገድ ዳር፣ የተቃጠለ ቦታ፣ የታረሰ ጠርዝ። ልክ እንደ ጤፍ ሰው ያዘጋጀለትን መሬት ይፈልጋል። አባ ሞፈር እንዳሉት ስንቁን ከሌላ የሚያገኝ ነው።

ቃሉ በቡራዩ | ሐምሌ 25፣ ጠዋት

ስንቁን ከሌላ ስለሚያገኝ ዘር ካነሣችሁ፣ እኔ የወሎ ልጅ ነኝና አቀንጭራን ሳላነሣ አልሄድም።

የአባቴ የማሽላ ማሳ ነበር። ማሽላው በጉልበት ቁመት ላይ ሳለ ዝናብ እያለ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል። ከሳምንታት በኋላ በሥሩ ዙሪያ ሐምራዊ አበባ ያላት ውብ አረም ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ ነገሩ አልቋል። አባቴ አበባዋን ሲያይ ፊቱ እንዴት ይለወጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

የአቀንጭራ ዘር በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትቢያ ነው። አንዲት ተክል በአሥር ሺህዎች ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ መተኛት ይችላል። ስንቁ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃ ስለሆነ በከንቱ አይነቃም፤ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል እስኪያሸት ይጠብቃል። ሲያሸት ይበቅላል፣ ሥሩን ይጨብጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚበላው የማሽላውን ነው። እንዲህ ያለ ዘር ትልቅ መሆን ለምን ያስፈልገዋል? ትልቅ ቢሆን ቁጥሩ ይቀንስ ነበር፣ ቁጥሩ ቢቀንስ ደግሞ በሰፊ ማሳ ውስጥ ከሥር አጠገብ የመውደቅ ዕድሉ ይጠፋ ነበር።

ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ብዙ በማይርቀው በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው ነው። ከሥራቸው አንዱ መንገድ ማሽላው ያንን የሚቀሰቅስ ኬሚካል እንዲቀንስ ማድረግ ነበር። ዘሩ መሬት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ የሚጠራው ድምፅ አይሰማም። ይህንን ሳነብ አባቴ በሕይወት ኖሮ በሰማ ብዬ ተመኘሁ።

ብርቱ ዘር (ሰበታ) | ሐምሌ 25፣ ምሽት

ሁሉንም በትኩረት አንብቤያለሁ፤ «ምንጊዜም» ያልኩትን አነሣለሁ። ግን መምህርት፣ አንድ ነገር ይብራራልኝ። በገዛ ማሳዬ ከአንድ ክምር የወጣውን ስንዴ በወንፊት ስለየው ደልዳላው የተሻለ ሲበቅል በዓይኔ አይቻለሁ። ይህም ስህተት ነው ልትይኝ ነው? ደግሞ የዘር ትልቅነት በእውነት በዘመናት የሚለወጥ ከሆነ፣ ሲለወጥ ያየው ሰው አለ?

መምህርት ዘሆለታ | ሐምሌ 26፣ ምሽት

አላልኩም። ያየኸው ትክክል ነው። በአንድ ዓይነት እህል ውስጥ ከቀጫጫው ፍሬ ይልቅ የደለበው ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል፣ በተለይ ጥልቅ ከተዘራ ወይም ዝናቡ ከተቆራረጠ። ባቄላህንና ስንዴህን መለየትህን ቀጥል። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። የአገር ዘር ድብልቅ ከሆነ በወንፊት ስትለየው የምትለየው የደለበውን ከቀጫጫው ብቻ አይደለም፤ በተፈጥሮው ትንሽ ፍሬ ያለውን ዘር ከማሳህ እያስወጣኸው ነው። ያ ዘር ምናልባት ውኃ የተኛበትን ዓመት የሚችለው እሱ ይሆናል። ስለዚህ ከምርቱ ላይ ሳይለይ ጥቂት ቁና ለብቻው አስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአገራችን የተቋቋመው የዘር ባንክ የገበሬውን ዘር ከነድብልቁ የሚሰበስበው በከንቱ አይደለም።

ሲለወጥ የታየበትን በተመለከተ፣ ብራዚል ውስጥ በአትላንቲክ ደን የሚበቅል አንድ ዘንባባ አለ። ትልልቅ ፍሬውን የሚውጡት እንደ ቱካን ያሉ አፈ ሰፊ ወፎች ናቸው። ሰው ደኑን እየቆራረጠ ወፎቹን ሲያጠፋ የቀሩት ትልቁን ፍሬ መዋጥ የማይችሉ ትንንሾቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ትልልቆቹ ወፎች በጠፉበት ደን የዘንባባው ዘር አንሷል፤ ለውጡም በመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሊሆን የሚችል ነው። ትልቁ ዘር ወሳጅ አጥቶ ከእናቱ ሥር እየበሰበሰ ቀረ፣ ትንሹ ተጓዘ። ክፋቱ ደግሞ ትንሹ ዘር ድርቅ ሲመጣ ቶሎ ይደርቃል። የሱባው ወንድማችን ስለ ዝግባና ስለ ጦጣዎቹ ሲጽፍ እኔ ያሰብኩት ይህንን ነው። ጦጣና ወፍ ከወጨጫ ቢጠፉ ዝግባውን ማን ያንቀሳቅሰዋል?

ተቃራኒው ደግሞ በእህሎች ላይ ታይቷል። ስንዴና ገብስ ሰው እጅ ከገቡ በኋላ ፍሬያቸው እየገዘፈ መጣ። ተመራማሪዎች የሚያነሡት አንዱ ምክንያት ሰው ተቀምጦ መምረጡ ሳይሆን ማረሱ ነው። የታረሰ መሬት ዘሩን ጠልቆ ይቀብረዋል፣ ቡቃያዎቹ ተጠጋግተው ይጋፋሉ፤ ከጥልቀት መውጣትና ጎረቤቱን መቅደም የሚችለው ባለ ብዙ ስንቁ ነው። ማሳው ራሱ ይመርጣል ማለት ነው።

አሁን የውይይቱ ርዕስ ወደሆነው ጥያቄ ልመለስ። አባ ሞፈር ሳያውቁት ሳይሆን አውቀው መልሰውታል ብዬ አምናለሁ። የጤፍ ገበሬ ዘሩን አይቀብርም። መሬቱን አስረግጦ ላዩ ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ትልልቁን ፍሬ የሚመርጠው ጥልቀት በጤፍ ማሳ ላይ አልነበረም። ገበሬው ከጤፍ የፈለገው ሌላ ነበር፦ ሲበስል የማይረግፍ፣ ዛላው የሚሞላ፣ መልኩ ነጭ ወይም ቀይ የሆነ፣ በአጭር ዝናብ የሚደርስ። እነዚያን መረጠ፣ አገኘም። ፍሬው ግን ከዱር ዘመዶቹ ብዙም ሳይርቅ ትንሽ እንደሆነ ቀረ፤ ትንሽነቱን የሚቀጣው ነገር ስላልነበረ፣ እንደ ቅሉና እንደ ነቀዙ ደግሞ የሚክሰው ስለነበረ። ሌላው እህል በማሳው ተለወጠ። ለጤፍ ግን ማሳው ተለወጠለት።

አባ ሞፈር (ዱከም) | ሐምሌ 27፣ ጠዋት

መምህርት፣ ዕድሜ ይስጥሽ። እኛ ሰርገኛ የምንለውን ቀዩንና ነጩን ድብልቅ የማንለየው አንዱ ዓመት ለአንዱ ስለሚያደላ ነው። ልጄ የሰበታው፣ ያልተለየች ቁና እንድታስቀምጥ የነገረችህን ስማት።

የለገዳዲው፣ የረገጥከው መሬት ከደረቀ አትዝራበት፤ እርጥብ ሆኖ እግርህን ሳይዝ ሲመለስልህ ነው ጊዜው።

የለገዳዲ ጓሮ | ነሐሴ 14፣ ምሽት

ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ባቄላው። ከሃያዎቹ ጤናማ ዘሮች አሥራ ስምንቱ በቅለዋል። ነቀዝ ከበሳቸው ሃያ ደግሞ ሰባቱ። ሰባት እንኳ ይወጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ከመዝራቴ በፊት የእያንዳንዱን ቀዳዳ ቦታ በወረቀት ላይ ስዬ ነበር። ቀዳዳው ከዓይኑ አጠገብ የሆነው አንዱም አልበቀለም፤ ፅንሱ ያለው እዚያ ነውና ትሉ በልቶታል። ቀዳዳው በክኩ ጀርባ የሆነው ግን ስንቁ ጎደለበት እንጂ ሕይወቱ አልተነካም። ቡቃያዎቹ ከጤናማዎቹ በሁለት ጣት ያህል ያንሳሉ፤ ቆመዋል ግን። ጤፍ እንዲህ አንድ ንክሻ ቢነከስ የሚተርፍለት ነገር አልነበረም፤ እንደተባለው ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚነክሰው የለም።

ጤፉ። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ጫማ አውልቀን ግማሹን መደብ በዝናብ ማግስት ረገጥነው። ልጆቹ ካልሲ የመሰለ ጭቃ ለብሰው እስኪመሽ አልወጡም። አባ ሞፈር እንዳሉት እግር ሳይዝ ሲመለስ ዘራሁ። የተረገጠው ግማሽ ወጥ ሆኖ በቀለ፤ ከዳር ሲታይ አንድ ሰው በአረንጓዴ ቀለም ያጠበው ይመስላል። ጓሉን የያዘው ግማሽ ዝንጉርጉር ነው፤ በጓሎቹ አናት ላይ ጥቂት፣ በመካከላቸው ምንም። ጓሉን አንሥቼ ሥሩን ሳየው እነዚያ ነጭ ክሮች ነበሩ፤ እዚያው ጀምረው እዚያው ያለቁ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። በተረገጠውም ግማሽ ላይ ሙጃ ገብቷል፤ በቁመት ጤፉን ሊበልጠው ነው። ጤፉ ከእርሱ ጋር የሚታገልበት የራሱ ነገር የለውም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከቁርስ በፊት አራታችንም ተንበርክከን አረም እንጀምራለን።